ኬሚካል ምህንድስና ተምሬ የት ልግባ? ከገበዝ ማርያም ለሚነሳ ተማሪ

በገበያ ቀን ገበዝ ማርያም ላይ ወደ መኪና የሚጫነውን አስተውሉ፤ ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ኑግ፣ ማር፣ ቆዳ። ከዚያ የሚራገፈውን እዩ፤ በጀሪካን የመጣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ላርጎ፣ ቢራ፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም። ጥሬው ይወጣል፣ የተሠራው በውድ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ በአብዛኛው የኬሚካል መሐንዲስ ሥራ ነው።

ቤተሰብ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። ሲቪል የተማረ ድልድይ ይሠራል፣ ጤና የተማረ ያክማል። «ኬሚካል የተማረስ ምን ይሆናል?» ለሚለው ግን ተማሪው ራሱ ብዙ ጊዜ መልስ የሚፈልገው ከተመረቀ በኋላ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ነው። ይህ መመሪያ ፍለጋውን ቀደም አድርጋችሁ እንድትጀምሩ የተጻፈ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከመጀመሪያው ንዑስ ርእስ ይነሳ፤ ግቢ ያለው ከሦስተኛው፣ ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ከአምስተኛው ቢጀምር ይችላል። አቋሜን ግን አሁኑኑ ልናገር፦ ከዚህ አገር የተነሳ ልጅ በፋብሪካ በር ላይ ከሌላው የሚቀድመው አንድ የአገሩን ምርት ከማሳ እስከ ማሸጊያ በቁጥር ሲያውቅ ነው። አሥር ሶፍትዌር ከመቁጠር ያ ይበልጣል።

1. ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ኩንታል ኑግ አስሉ

«ኬሚስትሪ ስለምወድ ኬሚካል ምህንድስና እገባለሁ» የሚል ተማሪ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ኬሚስቱ በብልቃጥ ያገኘውን ነገር መሐንዲሱ በቀን ብዙ ቶን ሆኖ፣ ሳይቃጠል፣ ሳይበከልና ሳያከስር እንዲመረት ያደርጋል። ስለዚህ ሒሳብና ፊዚክስ ይበዛበታል፤ ሙቀት እንዴት ይተላለፋል፣ ፈሳሽ በቧንቧ ውስጥ እንዴት ይሄዳል፣ የተቀላቀለው በምን ይለያል። የሁሉም መነሻ ግን የገባውን ከወጣው ጋር ማመዛዘን ነው።

100 ኪሎ ኑግ ያዙ። የአገራችን ኑግ ከክብደቱ በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው፤ የእናንተን 38 በመቶ እንበለው። 38 ኪሎ ዘይት፣ 62 ኪሎ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም፤ የተወሰነው ከጭመቃው በሚተርፈው ፋጉሎ ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎው ላቦራቶሪ ሄዶ 10 በመቶ ዘይት ተገኘበት እንበል። እንግዲያው ያ 62 ኪሎ የፋጉሎው 90 በመቶ ነው፤ ፋጉሎው በጠቅላላ 68.9 ኪሎ ይመዝናል፣ 6.9 ኪሎ ዘይት ይዞ ሄዷል፣ በእጃችሁ የቀረው 31.1 ኪሎ ነው። በሊትር ወደ 34 ገደማ ይሆናል። አሁን ያንኑ ፋጉሎ ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ አጥባችሁ ቀሪውን ዘይት ወደ 1 በመቶ ብታወርዱት የምታገኙት ዘይት 37.4 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኩንታል የ6.3 ኪሎ ልዩነት አለው።

ልዩነቱ ግን በነፃ አይመጣም። ሄክሴን እንደ ቤንዚን በቀላሉ ይቀጣጠላል። የእንፋሎት ቦይለር ያስፈልጋል፤ የተነነውን ሄክሴን መልሶ የሚሰበስብ ማቀዝቀዣም እንዲሁ። ዘይቱ የተሟጠጠው ፋጉሎ ደግሞ ለከብት አድላቢው የቀድሞው ፋጉሎ አይደለምና ዋጋው ይለወጣል። ይህን ሁሉ ደምሮና ቀንሶ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» የሚለው ሰው ነው ኬሚካል መሐንዲስ።

ስሌቱን ስታነቡ «ሄክሴኑስ ምን ያህል ይጠፋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሙያው የእናንተ ነው። ካሰለቻችሁ ሌላ ምረጡ፤ ነውር የለውም። ከገባችሁ በኋላ ከሚሰለቻችሁ ይሻላል።

2. ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል

በአማራ ክልል የሙያው የቆየ ቤት ባሕር ዳር ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ አለው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ያስተምራሉ። የእነዚህ ሁለቱ ጥቅም ፋብሪካው ከግቢው አጥር ብዙም አለመራቁ ነው፤ ኮምቦልቻ ቢራውና ጨርቃ ጨርቁ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ቢራ ፋብሪካዎቹና የብቅል ፋብሪካው አሉ። ከክልሉ ውጭ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ አሉ።

ብዙ ልጆች ክፍሉን መርጠው አይገቡም። ሲቪልና ሶፍትዌር ውጤት ይበዛበትና የቀረው ወደ ኬሚካል ይመደባል። እንዲህ ከሆነባችሁ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በማዘን አትጨርሱት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የምትወስዱት የቁስና የኃይል ሚዛን ኮርስ የቀሩት ሁሉ መሠረት ስለሆነ እሱን ያባከነ አምስተኛ ዓመት ላይ የፕላንት ዲዛይን ፕሮጀክት ሲመጣ ከሰው መቅዳት ይጀምራል።

የምግብ ምህንድስና ወይስ ኬሚካል ለሚሉ፦ ቡሬ ባሉት የምግብና የዘይት ፋብሪካዎች መሥራት ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ ሁለቱም ያስገባሉ። ነገ ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ወርቅ ወይም ወደ ማዳበሪያ መሄድ ለሚያስብ ግን ኬሚካል በሩ ሰፊ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ከሌላ ሶፍትዌር በፊት ኤክሴልን ጠንቅቃችሁ ያዙ። አስፐን የሚባለውን የፕሮሰስ ማስመሰያ ፕሮግራም የሚያውቅ ተመራቂ አይጠፋም፤ የአንድ ሺፍት መዝገብ ተሰጥቶት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኪሳራው የት እንዳለ በኤክሴል የሚያሳይ ግን ብርቅ ነው።

3. የፋብሪካዎቹን ካርታ ሳሉ

አንድ ወረቀት ላይ ፍኖተ ሰላምን መሐል አድርጋችሁ በዙሪያው ያለውን ፋብሪካ መዝግቡ፤ ከስሙ ሥር ጥሬ ዕቃውን፣ የሚያመርተውንና ኬሚካል መሐንዲስ የሚቀመጥበትን ቦታ ጻፉ።

ቡሬ ቀዳሚዋ ናት። አገሪቱ በሙከራ ደረጃ ከገነባቻቸው አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባእከር ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የበላይነህ ክንዴ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም ቡሬ ነው፤ በምረቃው ጊዜ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። አኩሪ አተር የሚያቀነባብረው ሪችላንድም በፓርኩ ውስጥ አለ። ወደ ደብረ ማርቆስ ብትወርዱ የወርቁ አይተነው የዘይት ፋብሪካ ይገኛል።

የዘይት ማጣሪያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከአሁኑ እወቁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃል። ድፍድፉ ዘይት መጀመሪያ ሙጫው በውሃ ወይም በፎስፎሪክ አሲድ ይወጣለታል። ቀጥሎ ነፃ የሆነው የቅባት አሲድ በኮስቲክ ሶዳ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ ይለያል። ከዚያ ቀለሙን የሚመጥ ልዩ አፈር ተጨምሮበት አየር በተመጠጠበት ገንዳ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይሞቃልና ይጣራል። በመጨረሻ ከ220 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ አየሩ በተመጠጠበት ማማ ውስጥ እንፋሎት እየተነፋበት ሽታው ይወጣል። ፓልም ሲሆን ብዙ ጊዜ የኮስቲኩ ደረጃ ይቀርና አሲዱም በዚህ በመጨረሻው ማማ ላይ አብሮ ይባረራል። የተጣራው ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ ይበለጽጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚባክን ነገር አለ፤ የመሐንዲሱ ደመወዝ የሚወጣው ከዚያ ብክነት ነው።

በዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ የምርት ሺፍት መሪ፣ የፕሮሰስ መሐንዲስ፣ የጥራት ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የቦይለርና የውሃ ማከሚያ ኃላፊ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ባለሙያ፣ የደኅንነት ባለሙያና የጥሬ ዕቃ ግዥ አማካሪ ይፈለጋሉ። አዲስ ተመራቂ ሁሉ ላቦራቶሪውን ይሻል፤ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ጋዋን አለው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ሺፍት ግቡ እላለሁ። ላቦራቶሪ የሚመጣለትን ናሙና ያያል፤ ሺፍት ላይ ያለው ናሙናው ለምን እንደተበላሸ ያያል።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። በአዊ ዞን ጃዊ ላይ የጣና በለስ ስኳር፣ ከዓባይ ማዶ በወለጋ ደግሞ ስኳርና ኤታኖል የሚያመርተው ፊንጫ አለ፤ የቡሬው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስድ በመሆኑ ወለጋ ከምታስቡት ይቀርባል። ለሲሚንቶ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሰሜን ሸዋው ለሚ ናሽናል፣ እንዲሁም ሙገር፣ ደርባና ዳንጎቴ አሉ። ለቢራ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ያሉት የዳሸን ፋብሪካዎች፣ ሐበሻና የኮምቦልቻው ቢጂአይ ይጠቀሳሉ።

ካርታው ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩበት፤ «አሁን እየሠራ ነው ወይ?» የሚል። ፋብሪካ ተመረቀ ማለት በሙሉ አቅሙ ያመርታል ማለት አይደለም። ጥሬ ዕቃ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ መብራት፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ የክልሉ ጸጥታና የመንገድ መዘጋት ብዙዎቹን አንዴ ሲያቆም አንዴ ሲያስነሳ ከርሟል። ይህን ከዜና አትጠብቁ፤ እዚያ ለሚሠራ የአገር ልጅ ደውላችሁ ስንት ሺፍት እየገቡ እንደሆነ ጠይቁት። ሦስት ሺፍት ከሆነ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሺፍት ከሆነ ለሥራ ሳይሆን ለልምምድ አመልክቱ፤ የቆመ ማሽን ሲፈታ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

4. የተግባር ልምምዱን እንደ ፈተና ያዙት

አራተኛ ዓመት ላይ የሚመጣው ኢንተርንሺፕ ለብዙ ተማሪ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ የሚከረምበት ጊዜ ነው። ማኅተም የሚመታለት ሪፖርት ይዞ ይመለሳል፤ ቧንቧ ግን አልተከተለም። እናንተ ከሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም «ልምምድ ስጡኝ» ብቻ አትበሉ፣ አንድ ችግር ይዛችሁ ቅረቡ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ለምርት ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የተግባር ልምምድ ስለመጠየቅ። በ(የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም ጻፉ) የአራተኛ ዓመት የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በማጣሪያ ክፍላችሁ ለመለማመድ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቆይታዬ ቀለም መምጠጫው አፈር ሲጣል ይዞት የሚወጣውን ዘይት መጠን ለክቼ፣ ለመቀነስ የሚረዳ ሐሳብ በጽሑፍ ማቅረብ እፈልጋለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ፣ የተማሪነት መታወቂያዬንና የውጤት ዝርዝሬን አያይዣለሁ።»

ይህን ያነበበ ኃላፊ ፋብሪካውን እንደምታውቁት ይገባዋል። አፈሩ ሲጣል ብዙ ዘይት እንደሚይዝ እሱም ያውቃል፤ ለመለካት ጊዜ አጥቶ ነው።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ከቧንቧ ጋር አሳልፉ። አንድ መስመር መርጣችሁ ከጋኑ እስከ ማሸጊያው በእግራችሁ ተከተሉት፤ ፓምፑን፣ ቫልቩን፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያውን በእርሳስ ሳሉ። ከዚያ ሥዕላችሁን ለአንጋፋው ኦፕሬተር አሳዩት። «ጋሼ፣ ይቺ ቫልቭ ለምን ተዘግታ ነው የምትውለው? ቢከፍቷት ምን ይመጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ መጽሐፍ ላይ የሌለ መልስ ትሰማላችሁ። ሃያ ዓመት ቦይለር ሥር የቆየ ሰው ዲግሪ ላይኖረው ይችላል፤ ድምፁን ሰምቶ ፓምፑ አየር እንደያዘ ይነግራችኋል። «አንተ» ብሎ የጠራውን፣ ገና ሳይደርቅ ሊያርመው የሚከጅለውን ልጅ ግን ምንም አይነግረውም።

በየሰዓቱ የሚሞላውን መዝገብ መቅዳት እንዲፈቀድላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ከፋብሪካው ውጭ እንደማታወጡ ቃል ግቡ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። የገባውን ድፍድፍ፣ የወጣውን ዘይት፣ የተጣለውን አፈርና ሳሙና ደምሩ። አይገጥምም፤ መጀመሪያ ላይ ለማንም አይገጥምም። ያልገጠመው ኪሎ የት እንደገባ የምትፈልጉበት ጊዜ ነው ልምምዳችሁ።

ለደኅንነት ቀልድ የለም። ሄክሴን ባለበት ስልክ ይዛችሁ አትግቡ። ኮስቲክ ሶዳ ስታሟሙ ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ሶዳው ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይንም ያጠፋል። ባዶ ጋን ውስጥ ለጽዳት ግቡ ብትባሉ አየሩ ሳይለካና ውጭ የሚጠብቃችሁ ሰው ሳይኖር እንቢ በሉ።

5. የመውጫ ፈተናው፣ ማስታወቂያውና ውሉ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና ምረቃ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወደቀ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። የሚጠቅመው የቆየ ደብተር ሳይሆን የየኮርሱን መሠረታዊ ስሌት ደጋግሞ መሥራት ነው።

ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናል፣ በሪፖርተርና በበኩር ጋዜጣ ይወጣል። «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚለው አያስደንግጣችሁ፤ የልምምድ ሪፖርታችሁ ቁጥር ካለበት አያይዛችሁ አመልክቱ። ሲቪያችሁ ላይ «ታታሪና በቡድን የመሥራት ችሎታ ያለኝ» የሚለውን አውጡት፤ በቦታው «የማጣሪያውን የዘይት ብክነት ለክቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ውል ስትፈርሙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አስታውሱ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን የመደበኛው አንድ ከግማሽ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ከግማሽ እጥፍ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን በእነዚያ የሌሊት ሰዓታት ማሠራት ክልክል ነው። ሴት ተመራቂዎች ከደመወዙ እኩል የሌሊት ሺፍት ሰርቪስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቡሬ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ መውጣት የሥራው አካል መሆን የለበትም። ጥያቄው የሚያስቆጣው ድርጅት ካለ ቀድሞ መታወቁ መልካም ነው።

6. ፋብሪካው ሰው ካልፈለገ

እዚህ ላይ ብዙ ተመራቂ ባንክ ይገባል። ባንክ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን አንኳኩ።

የከተማ ውሃ አገልግሎት፦ የወንዝ ውሃ ሲደፈርስ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ይህን አገራችን ውስጥ የአዋሽ መልካሳው ፋብሪካ ያመርተዋል። ስንት ግራም ለአንድ ሜትር ኪዩብ የሚለው የሚታወቀው በስድስት ብርጭቆ ነው፤ እኩል ውሃ ቀድታችሁ የተለያየ መጠን ትጨምራላችሁ፣ አማስላችሁ ትተዋላችሁ፣ የቱ ቶሎ እንደጠራ ታያላችሁ። ይህን በየቀኑ የሚሠራ ሰው የሌለው ከተማ ክረምት ላይ ወይ ኬሚካሉን ያባክናል ወይ ጭቃ ያጠጣል።

አፈሩ፦ ቋሪትና ሰከላን የመሰለው ደጋ አሲዳማ አፈር የበዛበት ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ገበሬው የጨመረው ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተያይዞ ሰብሉ ሳይደርሰው ይቀራል፤ መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን መፍጨት፣ ደቃቅነቱንና አሲድ የማርከስ አቅሙን መለካት፣ ለየማሳው ስንት ኩንታል እንደሚበቃ ማስላት የእናንተ ሙያ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና እንደ ዳሞት ያሉ ዩኒየኖች ይህን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ማስታወቂያቸው ላይ «ኬሚካል መሐንዲስ» ብለው ስለማይጽፉት ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ ማስረዳት ይኖርባችኋል።

ቁጥጥርና ትምህርት፦ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች። ደመወዛቸው ከግል ፋብሪካ ያነሰ ቢሆንም የብዙ ፋብሪካ ውስጥ ያሳዩዋችኋል።

7. የራሳችሁን ለመጀመር

በጣም የሚሞከረው ሳሙና ነው፤ በጣም የሚከስረውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በግምት ያፈላዋል። 100 ኪሎ ፓልም ዘይት ሙሉ ለሙሉ ሳሙና እንዲሆን ወደ 14.1 ኪሎ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ከዚያ 5 በመቶ ቀንሱለት፤ 13.4 ኪሎ አድርጉት፣ ትርፍ ሶዳ እጅ እንዳይበላ። የገዛችሁት ሶዳ እርጥበት ስቦ ከነበረ ንጽሕናው ይወርዳልና መጀመሪያ ለኩት። ሳይለካ ማፍላት ደንበኛ ማባረር ነው።

ከሳሙና ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገው በርበሬ ነው። ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ናቸው። በርበሬ በሚገባ ሳይደርቅ ሲከማች ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ የውጭ ገበያንም ይዘጋል። በፀሐይ በሚሞቅ ማድረቂያ እርጥበቱን አውርዶ፣ በየጆንያው ለክቶ የሚሸጥ ቡድን «ደረቅ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥር ይዞ ይደራደራል። ለአንድ ማድረቂያ ቤት ላስቲክ፣ እንጨት፣ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። ድንችም እንዲሁ ነው፤ ከክብደቱ አራት አምስተኛ ገደማው ውሃ ስለሆነ ጥሬውን ስትጭኑ በአብዛኛው ለውሃ የመኪና ኪራይ ትከፍላላችሁ። አዊ ላይ ደግሞ ከዲከረንስ ዛፍ የሚወጣ ከሰል አለ፤ በአፈር ጉድጓድ የሚከሰለው እንጨት ብዙው ጢስ ሆኖ ይጠፋል፣ የተሻለ ምድጃ ግን ከዚያው እንጨት የበለጠ ከሰል ያወጣል።

ብቻችሁን አትጀምሩ፤ አንድ ሒሳብ የሚይዝ፣ አንድ ገበያ የሚያውቅ ጨምሩ። የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማደራጀቱንና የመሥሪያ ቦታውን ይነግራችኋል። ለሚበላና ለሰውነት ለሚቀባ ነገር ግን ከንግድ ፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫና አስገዳጅ ደረጃውን ጠይቁ፤ ማሽን ከገዛችሁ በኋላ ስትጠይቁ ግድግዳ አፍርሱ ሊባል ይችላል።

8. ራቅ ብሎ ላለው

ለማስተርስ አገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው አለ። ውጭ ለሚያስብ የጀርመኑ ዳአድ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስና የሃንጋሪ መንግሥት የትምህርት ዕድል በየዓመቱ ይከፈታሉ። «ላስገባህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ የእነዚህ ወኪል አይደለም። ከፍኖተ ሰላም የተነሱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት መርተዋል። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ በካልቴክ የቁሳቁስ ሳይንስና የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የሚታወቁት በነዳጅ ሴል ምርምራቸው ነው። የሁለቱ ሙያ የተለያየ ቢሆንም መነሻው ከባድ ሳይንስና ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለተኛውን ዛሬ ጀምሩት።

አገር ውስጥ በሩቁ የሚታየው ትልቁ ሥራ ጎዴ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ሊገነቡ ተፈራርመዋል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። በ40 ወራት ያልቃል ተብሏል። ቢዘገይ እንኳ ዛሬ ፍሬሽማን የሆነ ተማሪ በሚመረቅበት ሰሞን የሚደርስ ነው፤ ሙቀቱንና ርቀቱን ለሚችል አሞኒያ የሚያውቅ ወጣት መሐንዲስ ይፈልጋል።

ስለዚህ የፕላንት ዲዛይን ርእስ ስትመርጡ ዩሪያን አስቡበት። ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ ሃይድሮጂኑ ከአየር ናይትሮጂን ጋር አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ዩሪያ ይሆናል። በስሌት ለ1 ቶን ዩሪያ 0.567 ቶን አሞኒያና 0.733 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 28.3 ኪሎ አሞኒያ መሆኑ ነው። ሁለቱን ስትደምሩ ከ1 ቶን ይበልጣል፤ ትርፉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ያ ውሃ አሞኒያና ዩሪያ ይዞ ስለሚወጣ እንዲሁ ወንዝ አይለቀቅም። ዋቢ ሸበሌ ዳር ላይ ይህን ውሃ እንዴት እንደምታክሙት አንድ ምዕራፍ ጻፉና ወደ አማካሪያችሁ ይዛችሁ ግቡ።